«ጥቁሩ መስኮት ያስፈራል» ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽ ባጭሩ ይሄ ነው። ወልድያ ውስጥ በአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የአይቲ ሥራ ትሠሪያለሽ። ከመርሳ፣ ከውርጌሳና ከቆቦ በየወሩ የሚመጡትን የአባላት መዋጮ ፋይሎች አንድ ላይ አድርጎ ድምር የሚያወጣ የፓይተን ስክሪፕት (ትንሽ ፕሮግራም) ጽፈሻል። አንቺ ስታስኬጂው ሰላም ነው። የሂሳብ ክፍሏ እትዬ ግን ትእዛዝ የሚተየብበትን መስኮት፣ ኮማንድ ላይኑን፣ አይተው «ይሄ ጥቁር መስኮት ያስፈራኛል» ብለው ዛሬም በኤክሴል ኮፒ ፔስት እያደረጉ ነው። «ወደ ዌብ ልቀይረው ወይስ ኮማንድ ላይኑን ለሰው እንዲመች ማድረግ ይቻላል?» ብለሻል።

አብሽሪ፣ ወደ ዌብ አትሂጂ። ዌብ ካልሽ ሰርቨር አለ፣ ፓስወርድ አለ፣ ባክአፕ አለ፣ «ዛሬ ለምን አልከፍትም አለኝ?» የሚል ስልክ አለ። በወር አንዴ ለሚሠራ ሥራ ይሄ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርግልሻል? እኔ ደሴ ውስጥ ለቢሮዎች እንዲህ ያሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች እሠራለሁ። ሰው የሚሸሸው ከመስኮቱ ጥቁረት ነው ብዬ አላምንም። የሚሸሸው አንድ ነገር ሲሳሳት ከስክሪፕቱ ከሚመጣበት መልስ ነው።

እስቲ እትዬ የሚያዩትን በእሳቸው ዓይን እይው። ከቆቦ በመጣው ፋይል ላይ አንድ ሰው የብሩ ዓምድ ውስጥ «1,250 ብር» ብሎ ጽፏል። ስክሪፕትሽ እዚያ ሲደርስ ይወድቃል። ስክሪኑ ላይ አሥራ ምናምን መስመር እንግሊዝኛ ይዘረገፋል። የፋይል አድራሻ፣ የፈንክሽን ስም፣ መጨረሻ ላይ «ቫልዩ ኤረር»። የመስመር ቁጥርም ይሰጣል፤ ግን ያንቺን ኮድ መስመር እንጂ የእሳቸውን ፋይል መስመር አይደለም። መኪናው መንገድ ላይ ቆሞ ረዳቱን «ምን ሆነ?» ስትዪው ኮፈኑን ከፍቶ የሞተሩን ዕቃ አንድ በአንድ በስም ቢጠራልሽ ምን ትያለሽ? ተሳፋሪ መስማት የሚፈልገው «ጎማ ተንፍሷል፣ ሩብ ሰዓት ታገሱን» የሚለውን ነው።

ለዚያው ለቆቦ ፋይል ስክሪፕቱ እንዲህ ቢልስ፦

«የቆቦ ፋይል፣ ረድፍ 48፣ የብር ዓምድ፦ ‹1,250 ብር› ተብሎ ተጽፏል። እዚህ ቦታ የሚገባው ቁጥር ብቻ ነው። ፋይሉን በኤክሴል ከፍተው ‹ብር› የሚለውን ያጥፉ፣ ሴቭ ያድርጉና እንደገና ያስገቡት። ያለፈው ወር ሪፖርት እንዳለ ነው፤ አልተነካም።»

ስህተቱ የት እንዳለ፣ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚደረግ፣ ምን እንዳልተበላሸ ይናገራል። የመጨረሻዋን ብዙ ፕሮግራመር ይዘላታል። ገንዘብ የሚይዝ ሰው ግን መጀመሪያ የሚደነግጠው «ያለውን አጠፋሁት እንዴ?» ብሎ ነው። ቁጥር 48 ደግሞ ኤክሴል ላይ በግራ በኩል የሚታየው ቁጥር መሆን አለበት። ፓይተን ከዜሮ ይቆጥራል፣ ፋይሉ ደግሞ ርዕስ ረድፍ አለው፤ ስለዚህ ኢኑሜሬት (ረድፎችን የሚቆጥረውን ፈንክሽን) ስትጠቀሚ ስታርት የሚለውን 2 አድርጊው። በአንድ ረድፍ ከተሳሳትሽ እትዬ ደህናውን ረድፍ ሲመረምሩ ይውላሉ፤ ከዚያ በኋላ ስክሪፕቱን አያምኑትም። አንቱ ብሎ መናገሩም ቀላል ነገር አይደለም። በእናትሽ ዕድሜ ያሉ ሰው «አስገባ! ተሳስተሃል!» ሲባሉ ምን እንደሚሰማቸው ላንቺ አልነግርሽም።

በመጀመሪያው ስህተት አታቁሚ። ይሄ እኔ ዘንድ ከሁሉ ይበልጣል። ፋይሉ ውስጥ ሰባት ስህተት ካለ ሰባቱንም በአንድ ጊዜ ንገሪያቸው። አንዱን አርመው ሲመለሱ ሁለተኛው፣ ሁለተኛውን አርመው ሲመለሱ ሦስተኛው ከመጣ ሰው ይሰለቻል። ሊስት ከፍተሽ ችግሮቹን እየሰበሰብሽ ሂጂ፣ መጨረሻ ላይ በፋይል በፋይል ለይተሽ አውጪያቸው። ከሃያ ከበለጡ የመጀመሪያዎቹን አሳይተሽ «ሌሎችም አሉ» በዪ፤ ስክሪን ሙሉ ስህተት መልሶ ያስፈራል።

«ለምን ራሱ አያርመውም?» ትዪኝ ይሆናል። ከፊሉን ያርም። በሺህና በመቶ መካከል ያለችው ኮማ ትርጉሟ አንድ ነው፤ አንሺያትና ቀጥዪ። ከቁጥሩ ፊትና ኋላ ያለ ክፍት ቦታም እንዲሁ። ግን «1.250» ቢመጣ አንድ ብር ከሃያ አምስት ነው ወይስ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ? እዚህ ላይ መገመት ያንቺም የስክሪፕቱም ሥራ አይደለም፤ ጠይቂ። ያረምሽውንም ቢሆን «በ3 ረድፎች ላይ ኮማ አንስቻለሁ» ብለሽ ተናገሪ። በነገራችን ላይ ብርን በፍሎት (ሳንቲሙን በግምት በሚይዘው የነጥብ ቁጥር) አትደምሪ። ዴሲማል የሚባለው ሞጁል ለዚሁ ነው የተሠራው፤ አለበለዚያ አንድ ቀን የሳንቲም ልዩነት ስትፈልጊ ታመሺያለሽ።

ያ የእንግሊዝኛ ዝርዝር ግን አይጥፋ፤ ላንቺ ያስፈልግሻል። ራስሽ የምታውቂያቸውን የፋይል ችግሮች ለብቻ በኤክሴፕሽን ክላስ (አንቺ በምትሰይሚው የስህተት ዓይነት) ያዢያቸው። ያላሰብሽው ነገር ሲመጣ ሙሉውን ትሬስባክ (ያን የእንግሊዝኛ ዝርዝር) ሎጊንግ በሚባለው ሞጁል ወደ ሎግ ፋይል ጻፊውና ስክሪኑ ላይ «ያልጠበቅኩት ችግር ገጥሞኛል። ይህን ፋይል በቴሌግራም ለአይቲ ይላኩ» ብለሽ የፋይሉን አድራሻ አሳዪ።

ቀጥሎ አጀማመሩ። እትዬ ትእዛዝ እንዲተይቡ አትጠብቂ። ዊንዶውስ ላይ ሁለት መስመር ያላት የባት ፋይል (ስትከፈት ትእዛዞቹን የምታስኬድ ትንሽ ፋይል) ጽፈሽ ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጪላቸው። አንዷ መስመር ስክሪፕቱን ትጠራለች፤ ሁለተኛዋ «ፖዝ» ናት፣ መስኮቱ ብልጭ ብሎ እንዳይዘጋባቸው። በመጀመሪያዋ መስመር መጨረሻ ላይ የፐርሰንትና የኮከብ ምልክት አስገቢ። ከዚያ ሦስቱን ፋይል መርጠው በማውስ ጎትተው ባቷ ላይ ሲጥሏቸው የፋይሎቹ አድራሻ ለስክሪፕቱ ይደርሰዋል። መተየብ ብሎ ነገር የለም። ብቻ እንዲህ ሲነሳ ስክሪፕቱ የትኛው ፎልደር ላይ ቆሞ እንደጀመረ እርግጠኛ አትሆኚም። ስለዚህ ውጤቱን ዝም ብለሽ «እዚሁ» አትጻፊው። ፓዝሊብን (የፋይል አድራሻ የሚይዘውን የፓይተን ሞጁል) ተጠቅመሽ የመጣው ፋይል ያለበትን ፎልደር ውሰጂ፣ ሪፖርቱን እዚያው ጎኑ አስቀምጪ፣ ሲያበቃ ሙሉ አድራሻውን አሳዪ። ሥራው አልቆ ውጤቱ የት እንደገባ ሳይታወቅ መቅረቱን ብዙ ቢሮ አይቻለሁ።

ለአንቺና ካንቺ በኋላ ለሚመጣው ልጅ ግን ደህና ትእዛዝ ያስፈልጋል። በሲስ አርግቪ (የተተየበውን በቅደም ተከተሉ ብቻ በሚሰጥሽ ዝርዝር) «አንደኛው ወር ነው፣ ሁለተኛው ዓመት ነው» እያሉ መቀበል ይቅር፤ ወርና ዓመት ተገላብጠው ሲገቡ የሚጠይቅ የለም። የትእዛዙን አማራጮች በስማቸው የሚያነበውን አርግፓርስን ተጠቀሚ። ከፓይተን ጋር አብሮ ነው የሚመጣው፤ ከ2.7 እና ከ3.2 ጀምሮ አለ። ለዚሁ ሥራ የተሠሩት ክሊክና ታይፐር ያማሩ ናቸው፣ ኮዱም ያጥራል። ግን በፒፕ ከኢንተርኔት መውረድ አለባቸው። ቅርንጫፍ ሄደሽ በፍላሽ የምትጭኚ ከሆነ፣ ኔቱም ደስ ሲለው የሚመጣ ከሆነ፣ አርግፓርስ ይበቃሻል።

ፋይሎቹን ያለ ኦፕሽን ስም፣ በተራቸው ተቀበዪ፤ ወርን፣ ዓመትንና የመሳሰለውን በስም በሚጠራ ኦፕሽን አድርጊው። ወሩ ካልተሰጠ ያለፈውን ወር እንዲወስድ አድርጊና የወሰደውን ጮክ ብሎ ይናገር፦ «የጥቅምት 2017ን ሪፖርት እየሠራሁ ነው»። ሄልፑ ላይ ማብራሪያ ከማብዛት ከታች ኤፒሎግ በሚባለው ቦታ እውነተኛ ምሳሌ አስገቢ። ሰው ሄልፕ የሚከፍተው ኮፒ የሚያደርገው ነገር ፈልጎ ነው። ምሳሌው መስመር በመስመር እንዲወጣ ሮው ዴስክሪፕሽን ፎርማተርን ምረጪ፣ አለበለዚያ አርግፓርስ ሁሉንም አንድ አንቀጽ ያደርገዋል። የኦፕሽን ስም ማሳጠሩንም አጥፊው። አርግፓርስ ሳትነግሪው ግማሽ ስም ይቀበላል፤ ነገ ሌላ ኦፕሽን ስትጨምሪ ዛሬ የሚሠራው አጭር ስም ግራ ይገባዋል። የራሱ የስህተት መልእክት እንግሊዝኛ ነው። ፓርሰሩን ወርሰሽ ኤረር የምትባለዋን ሜተድ በራስሽ ከጻፍሻት በአማርኛ ይናገርልሻል። ስትወጪ ግን የመውጫ ኮዱ (ስክሪፕቱ ሲያበቃ የሚመልሰው ቁጥር) እንደ ቀድሞው 2 ይሁን፤ ዜሮ ማለት «ሁሉ ሰላም» ነው፣ ባቷም ሌላ ስክሪፕትም የሚያውቁት እሱን ነው።

ትእዛዞቹንስ በአማርኛ ላድርጋቸው? ይቻላል፤ ፓይተን ቫሪያብልሽን እንኳ በግዕዝ ፊደል ይቀበላል። እኔ ግን አልመክርም። በየትእዛዙ መሃል ኪቦርድ መቀያየር ያደክማል። የሚተየበው በላቲን አጭር ይሁን፣ የሚነበበው በአማርኛ ይሁን።

አሁን የውጭ ቱቶሪያል ወደማይነግርሽ ነገር እንምጣ። ፓይተን የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ነው። እትዬ 30/2/2017 ሲጽፉ ጥቅምት 30 ማለታቸው ነው፤ ፓይተን «በሁለተኛው ወር 30 የሚባል ቀን የለም» ብሎ ይጮኻል። 3/13/2016 ጳጉሜን 3 ነው፤ አሥራ ሦስተኛ ወር የለም ይላል። እነዚህ ሲሳሳቱ ስለሚጮኹ ደግ ናቸው። ክፉው 13/6/2017 ነው። የካቲት 13 ነበር፤ ፓይተን ግን በፈረንጆች ጁን 13 ቀን 2017 ብሎ ዝም ብሎ ይቀበለዋል። ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄደ፣ ማንም አላወቀም።

ስለዚህ ቀኑን የሚፈትሽ የራስሽን ፈንክሽን ጻፊ። ሕጉ አጭር ነው። አሥራ ሁለቱ ወሮች 30፣ 30 ቀን ናቸው። ጳጉሜን 5 ቀን ናት፤ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ ግን 6 ትሆናለች፣ እንደ 2015። ፈንክሽኑን ለአርግፓርስ ታይፕ (የሚገባውን የሚፈትሽ) አድርገሽ ስጪው፤ ለፋይሎቹም እሱኑ ተጠቀሚ። አንድ ነገር ጨምሪበት፦ የመጣው ዓመት ከዘንድሮ ከበለጠ ጸሐፊው የፈረንጆቹን አስገብቶ ይሆናልና «በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የጻፉት?» ብሎ ይጠይቅ። ሰዓት ካለም ያው ነው፤ የጠዋቱ 3 ሰዓት ለኮምፒውተሩ 9 ነው።

ስም ደግሞ የወሎ ሰው ጣጣ ነው። ሙሐመድ፣ ሙሀመድ፣ ሙሃመድ። ዐሊ፣ አሊ። ሠይድ፣ ሰይድ። ኃይሉ፣ ሀይሉ። ለእኛ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። አንድ አባል ሦስት ቦታ ተበትኖ ይገኛል። ስታመሳክሪ ብቻ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነሰባት ቤታቸው አምጪያቸው፤ ሃን ከሀ፣ ኣን ከአ ጋር አንድ አድርጊ። ሪፖርቱ ላይ ግን ሰውየው የጻፈው ይውጣ። የሰው ስም አይታረምም።

መሐመድና ሙሐመድ ግን በዚህ አይገናኙም። እነሱን ዲፍሊብ በሚባለው የፓይተን ሞጁል ውስጥ ያለው ተቀራራቢ ፈላጊ ያገኛቸዋል። ቢያገኛቸውም እንዳያዋህዳቸው። «በመርሳ ‹መሐመድ ይመር› የሚል አለ፤ በአባላት መዝገብ ያለው ‹ሙሐመድ ይመር› ነው። አንድ ሰው ናቸው?» ብሎ ይጠይቅ፣ መልሱ ዝም ከሆነ «አይደለም» ይሁን። ሁለት ሙሐመድ ይመር በአንድ ቀበሌ አይጠፋም፤ የአንዱ ብር ወደ ሌላው ቢገባ ማን ያስታርቃል? ዋናው መለያ የአባል ቁጥር መሆን አለበት። እሱንም ኤክሴል ይነካካዋል፤ 00123ን 123 ያደርገዋል፣ የስልኩንም የመጀመሪያ ዜሮ ይበላል። እንደ ጽሑፍ አንብበሽ ዜሮዎቹን ሙይለት።

ፊደሉም ራሱ ጉድ ያመጣል። ቆቦ ያለው ልጅ ከኤክሴል ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ የተለዩ ተራ የጽሑፍ ፋይል) አድርጎ ሲያስቀምጥ ተራውን ሲኤስቪ ከመረጠ አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ይሄ የማሳያ ችግር አይደለም፤ ፊደሉ ጠፍቷል፣ ከዚያ ፋይል አይመለስም። ስክሪፕቱ የስም ዓምዱን አይቶ ተደጋጋሚ የጥያቄ ምልክት ካገኘ «ዋናውን ኤክሴል ይክፈቱና ሴቭ አዝ ላይ ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ይምረጡ» ይበል። በድሮው ፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ፋይልም ይመጣል፤ ሲነበብ የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ነው። ምርመራው ቀላል ነው። መሠረታዊዎቹ የግዕዝ ፊደላት በዩኒኮድ ከ4608 እስከ 4991 ያለውን ቁጥር ነው የያዙት። በስሙ ውስጥ ከዚያ አንድም ከሌለ አስቁሚ።

አንቺም ስታነቢና ስትጽፊ ኢንኮዲንጉን (ፊደሉ በፋይሉ ውስጥ የሚቀመጥበትን ስልት) በግልጽ ስጪ። ካልሰጠሽ ዊንዶውስ ላይ ፓይተን የድሮውን የማሽኑን ኮድ ገጽ ሊይዝ ይችላል። ኤክሴል ለሚከፍተው ሲኤስቪ «ዩቲኤፍ-8-ሲግ» የሚባለውን ምረጪ፤ መጀመሪያው ላይ የምትገባው ምልክት ናት ለኤክሴል ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን የምታሳውቀው። የስክሪኑን ውጤት ወደ ፋይል ስታዞሪ «ቻርማፕ» የሚል ስህተት ከመጣም ምክንያቱ ያው ነው፤ የስታንዳርድ አውትፑቱን (ፕሮግራሙ ውጤቱን የሚያወጣበትን መስመር) ኢንኮዲንግ ከኮዱ መጀመሪያ ላይ አንዴ ቀይሪው። በአሮጌው መስኮት ላይ ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ከሆነ ግን ኮድሽ ጤነኛ ነው፤ ፎንቱ ነው። ዊንዶውስ ተርሚናልን ጫኚላቸው። እዚያም ቢሆን ዓምዶች ልክ በልክ ይሰለፋሉ ብለሽ አትልፊ። የግዕዝ ፊደል ሰፋ ይላል። ቁጥሩን በግራ፣ ስሙን በመጨረሻ አድርጊው፣ ይገላግልሻል።

መብራት። ሪፖርቱ ግማሽ ላይ እያለ ቢጠፋ ምን ይቀራል? ግማሽ ፋይል፤ እሱም ያለፈውን ደርቦበት። ስለዚህ መጀመሪያ እዚያው ፎልደር ውስጥ በጊዜያዊ ስም ጻፊ፣ ጽፈሽ ስትጨርሺና ፋይሉ ሲዘጋ ብቻ በኦኤስ ሪፕሌስ ወደ እውነተኛው ስም አዙሪው። ወይ አሮጌው ይኖራል ወይ አዲሱ፣ ግማሽ ፋይል የመቅረቱ ዕድል በጣም ያንሳል። የዚህ ወር ሪፖርት ቀድሞ ካለም ዝም ብሎ አይተካ፤ ይጠይቅ። ጥያቄው ግን ሰው ፊት ለፊት ሲኖር ብቻ ነው። ስታንዳርድ ኢንፑቱ ተርሚናል መሆኑን ኢዝ-ኤ-ቲቲዋይ በምትባለዋ ሜተድ ፈትሺ። ሰው ከሌለ ስህተት ብሎ ይውጣ፣ ሌሊቱን ሙሉ መልስ ሲጠብቅ እንዳያድር። «ሙከራ ብቻ» የሚል ኦፕሽንም ይኑረው፤ ሁሉን ፈትሾ የሚያደርገውን ይናገር፣ ምንም አይጻፍ። እትዬ መጀመሪያ የሚወዱት እሱን ነው፣ ግድ የለሽም።

ቀለም? ስህተቱን ቀይ ማድረግ ይበቃል፤ ውጤቱ ወደ ፋይል ሲሄድ አጥፊው። የሥራው ወሬ በስታንዳርድ ኤረር (ለመልእክት በተለየው ሌላ መስመር)፣ ውጤቱ በስታንዳርድ አውትፑት ይውጣ። ሥራው ከጥቂት ሰከንድ በላይ ከፈጀ «የቆቦን እያነበብኩ ነው» የሚል አንድ መስመር አሳዪ፤ ዝም ያለ መስኮት ተሰቅሏል ተብሎ ይዘጋል።

ዌቡ የሚያስፈልግበት ቀን ይመጣ ይሆናል። ሦስቱም ቅርንጫፎች በየቀኑ ራሳቸው መመዝገብ ከፈለጉ ያኔ ወሬው ሌላ ነው። ፋይል ለማዋሃድ ግን አይደለም።

ይሄን ስትጨርሺ እትዬን አስቀምጫቸውና ያለፈውን ወር ፋይል ስጪያቸው። ሆን ብለሽ ሁለት ሦስት ስህተት ክተቺበት። እጅሽን ከኪቦርዱ አንሺ፣ አታስረጂ። የት እንደቆሙ፣ የቱን መልእክት ሁለቴ እንዳነበቡ ጻፊ፤ ያን መልእክት ነው እንደገና የምትጽፊው። የባት ፋይሏ እንቢ ካለችሽ ወይም ከቆቦ የሚመጣው ፋይል አሁንም ካስቸገረሽ ርዕሱንና ሁለት ረድፍ እዚህ ለጥፊልኝ። የአባላቱን ስምና ስልክ ግን ቀይሪው፤ ሐውና ሀው እንዳለ ይቆይ፣ እሱን ነው ማየት የምፈልገው።